አልዘመተም ብላችሁ ላነሳችሁት ሬጅመንት፡ ግልጽ ደብዳቤ ለሙዚየሙ ቦርድ

ለተከበራችሁ የሙዚየሙ የቦርድ አባላት እና ለኤግዚቢሽን ክፍል ኃላፊዋ

ጉዳዩ፦ ኮርቻው ይታይበት የነበረው የአሜሪካ ተጠባባቂ ፈረሰኛ ጦር ጥግ መነሳቱን እና የቅዳሜው የአማርኛ ጉብኝት መቋረጡን ይመለከታል

ጤና ይስጥልን። ይሄንን ደብዳቤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጽፈን ሁለቴ በኢሜል አንዴ በእጅ አስገብተናል፣ ሰባት ሳምንት አለፈው፣ «ደርሶናል» የሚል እንኳን አልመጣም። ስለዚ በአማርኛ አደባባይ ላይ እናውጣው ተባባልን። እናንተ ታስተረጉሙት ይሆናል፣ ባታስተረጉሙትም ግን ቅዳሜ ከገበያ መልስ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት ወገኖቻችን ያነቡታል፣ «ምነው ኮርቻው የት ሄደ» እያሉ ስልካችንን የሚያጨናንቁት እነሱ ናቸው። የሙዚየሙን ስም ሆን ብለን አልጻፍንም፣ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል።

እኛ ስድስት ሰዎች ነን፣ ሁላችንም ያለ ክፍያ በትርፍ ሰዓታችን የምናስጎበኝ። አራታችን አርሚ ሪዘርቭ (የአሜሪካ ተጠባባቂ ጦር) ውስጥ ያገለገልን ነን፣ ከኛ አንዱ አሁንም በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ዩኒፎርሙን ለብሶ ይሄዳል። እኔ የገባሁት በማቭኒ ነው። ለማታውቁት፣ ማቭኒ ማለት ጦሩ የሚፈልገውን ቋንቋ ለሚናገሩ ግን ግሪን ካርድ ላልያዙ ሰዎች በር የከፈተ ፕሮግራም ነበር፣ አማርኛም ሊስቱ ላይ ነበረች፣ በ2016 ቆመ። ከሰኞ እስከ አርብ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው የምውለው። ይሄን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ማርች ላይ ነው። አንድ አርብ ማታ የበጎ ፈቃደኞች ክፍል ፍሪጅ ላይ በፒዛ ቤት ማግኔት የተለጠፈ ግማሽ ገጽ ወረቀት አገኘን። የተጠባባቂ ፈረሰኛ ጦሩ ጥግ «የውጊያ ታሪክ ስለሌለው» ይነሳል፣ ቦታው ለጊፍት ሾፑ ማስፋፊያ ይውላል፣ በሌላ ቋንቋ የሚደረጉ ጉብኝቶችም «እስኪጠና» ይቆማሉ ይላል። ፊርማ የለው፣ ቀን የለው። በነጋታው ቅዳሜ ጠዋት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቀጥረን ነበር፣ አስራ አንድ ልጅ በሁለት ቫን ተጭኖ መጣ፣ በራፍ ላይ ቆመን ይቅርታ ጠይቀን መለስናቸው። አንዷ ትንሽ ልጅ «ፈረሱ ታሞ ነው?» አለችኝ። ፈረስ ኖሮን አያውቅም፣ ኮርቻ ነው ያለን፣ ግን ምን ብዬ ልመልስላት።

እንግዲህ ቅሬታችንን አንድ በአንድ እንናገር።

አንደኛ «የውጊያ ታሪክ የለውም» የምትለዋ። እውነት ነው አልተዋጋም፣ እኛም ደብቀን አናውቅም፣ እንደውም ጉብኝቱን የምንጀምረው «ይሄ ሬጅመንት ጠላት ላይ አንድም ጥይት አልተኮሰም» ብለን ነው፣ ሰው ይስቃል ከዛ ጆሮ ይሰጣል። ግን አልተዋጋም ማለትና ታሪክ የለውም ማለት ለየቅል ናቸው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በ1918 መጀመሪያ፣ አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገብታ ሳለ፣ ከ301 እስከ 315 ቁጥር የተሰጣቸው 15 አዲስ ፈረሰኛ ሬጅመንቶች (ከሻለቃ የሚበልጡ የጦር ክፍሎች) ተቋቋሙ። ዓመት እንኳን ሳይሞላቸው ኦገስት ላይ ፈረሱ፣ ልጆቹ ወደ መድፈኛ ሬጅመንትና ወደ ትሬንች ሞርታር (የምሽግ ሞርታር) ክፍል ተዛወሩ፣ ምክንያቱም ፈረንሳይ ውስጥ የነበረው የምሽግና የሽቦ የመትረየስ ጦርነት ነው፣ የሚፈለገው መድፍ እንጂ ፈረሰኛ አልነበረም። ጦርነቱ አልቆ በ1920 ኮንግረስ የመከላከያ ሕጉን ሲያሻሽል ጦሩ በሶስት ተከፈለ፣ ቋሚው ጦር፣ ናሽናል ጋርድ እና ኦርጋናይዝድ ሪዘርቭ። በቀጣዩ ዓመት ሪዘርቩ ውስጥ ከ61ኛ እስከ 66ኛ ስድስት የፈረሰኛ ዲቪዥኖች በወረቀት ተመሰረቱ፣ ለያንዳንዱ አራት አራት ሬጅመንት፣ ቁጥሩ ከ301 ተነስቶ 324 ደረሰ። የኛን አካባቢ የሚነካው 62ኛው ነው፣ ፔንሲልቫኒያን ሜሪላንድን ቨርጂኒያንና ዲሲን በሚይዘው ሶስተኛው ኮር ኤሪያ (የጦሩ አስተዳደር ክልል) ስር፣ ከ305 እስከ 308 ያሉት። ያነሳችሁት ኮርቻ ከነዚህ ካራቱ ባንዱ ውስጥ የነበረ የአንድ መቶ አለቃ ነው።

በወረቀት ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ሬጅመንቱ ኮሎኔል አለው፣ ሻምበሎች አሉት፣ መቶ አለቆች አሉት፣ ወታደር ግን ቢኖረው በጣት የሚቆጠር ነው፣ ፈረስ ጭራሽ የለውም። ጦርነት ከመጣ ወታደሩ ተመልምሎ ይሞላል፣ መኮንኖቹ እስከዛው ተምረው ይጠብቁ የሚል ነው ሐሳቡ። መኮንን የተባሉት ደግሞ ቀን ቀን ባንክ የሚሰሩ፣ ጥብቅና የቆሙ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። ብርዱን ሙሉ ከስራ ወጥተው ማታ ማታ ይሰበሰባሉ፣ ሌክቸር ይሰማሉ፣ ካርታ ላይ ይዋጋሉ፣ በፖስታ የሚላክ ኮርስ ይሰራሉ። ለዚህ ሁሉ ማታ ሰባራ ሳንቲም አይከፈላቸውም። ብር የሚያዩት ሰመር ላይ ለሁለት ሳምንት አክቲቭ ዲዩቲ ሲጠሩ ብቻ ነው፣ ሪዘርቩ ለልምምድ ሰዓቱ ክፍያ የተፈቀደለት በ1948 በወጣ ሕግ ነው። ዩኒፎርሙንም ቡቱንም ከኪሱ ነው የሚገዛው። ሰመር ላይ ከቋሚው ጦር ፈረስ ይዋሳሉ፣ ይጋልባሉ፣ ይመልሳሉ፣ አለቀ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲኤምቲሲ በሚባለው የአንድ ወር የሲቪሎች ካምፕ ላይ ጎረምሳ ያሰለጥናሉ።

ፈረስ የሌለው ፈረሰኛ ይሄ ነው። እኔ ይሄን የመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ለብቻዬ ነው የሳቅኩት፣ ከዛ ዩኒታችን መኪና አጥቶ ሙሉ ድሪሉን (የወሩን ልምምድ) በፓወርፖይንት ያሳለፍንበት ጊዜ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ ታዲያ ሮናልድ ሬገን ነው። ደሞይን አዮዋ ውስጥ የራዲዮ ስፖርት አስተላላፊ ሆኖ ሲሰራ 14 የፖስታ ኮርሶች ጨርሶ በ1937 ኤፕሪል 29 ተራ ወታደር ሆኖ 322ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ትሩፕ ቢ ውስጥ ተመዘገበ፣ ወር ሳይሞላው ምክትል መቶ አለቃ ሆነ፣ ሆሊውድ ሲገባ ካሊፎርኒያ ወዳለው ወደ 323ኛው ተዛወረ። በ1942 ሲጠራ ዓይኑ ሩቅ ስለማያይ ባህር ማዶ አልላኩትም። በናንተ ሚዛን 40ኛው ፕሬዚዳንትም የውትድርና ታሪክ የለውም ማለት ነው። ወደዳችሁትም ጠላችሁትም (ከኛ መሀል ሁለቱም አለ) ሙዚየም ውስጥ አንድ መስመር አያንሰውም።

ከሬገን በላይ እኔን የሚገርመኝ ግን ኤድዊን ራምሴ ነው። ኦክላሆማ ሚሊተሪ አካዳሚ ተምሮ የሪዘርቭ መኮንን ሆኖ የተሾመ ልጅ ነው። ፈቃደኛ ሆኖ ፊሊፒንስ ሄደ፣ 26ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት፣ ፊሊፒን ስካውትስ የሚባሉት፣ በአሜሪካ ጦር ስር የነበሩ ፊሊፒናውያን ወታደሮች ጋር። በ1942 ጃንዋሪ 16 ባታን ላይ ሞሮንግ የምትባል መንደር ውስጥ 27 ሰው አስከትሎ ሲገባ ከጃፓን እግረኛ ጋር ፊት ለፊት ተላተመ፣ ሽጉጥ አስመዝዞ «ቻርጅ» (ጋልባችሁ ግቡባቸው) አለ። የአሜሪካ ጦር ፈረስ ላይ ሆኖ ያደረገው የመጨረሻው ቻርጅ የሚባለው ይሄ ነው። ያዘዘውም ሪዘርቪስት ነው! ይሄን ጥጉ ውስጥ በሁለት አንቀጽ ጽፈን ከሰጠናችሁ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሳይሰቀል ነው ጥጉ የተነሳው።

የራምሴ ፈረስ ስም ብሪን አውሪን ይባላል። እንዴት እንዳወቅን ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ክብር ዘበኛ ፈረሰኛ ውስጥ አገልግለው የነበሩ አባት ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ኮርቻው ፊት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁና ብዙ ቆዩ፣ ከዛ «የፈረሱ ስም ማነው?» አሉ። አባባ፣ ፈረሱ የውሰት ነው፣ አይታወቅም አልናቸው። «ታዲያ ሰውየው በምን ይጠራ ነበር?» አሉ። እናንተ ይሄ ጥያቄ ላይገባችሁ ይችላል፣ እኛ አገር ምኒልክ አባ ዳኘው ነው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ነው፣ ሀብተጊዮርጊስ አባ መላ ነው፣ ሰው በፈረሱ ስም ነው የሚፎክረው። ያን ቀን መልስ ስላልነበረን አፈርንና ሄደን መፈለግ ጀመርን፣ ብሪን አውሪንን ያገኘነው እንደዛ ነው። በሌላ ቅዳሜ ደውለን ጠርተን ነገርናቸው። የባታን ከበባ ጠንቶ ምግብ ሲያልቅ በ1942 ማርች ላይ የሬጅመንቱ ፈረሶች ታርደው እንደተበሉ፣ እዛው ጦር ያዝዝ የነበረው የአሜሪካው ጄኔራል ዌይንራይት ጆሴፍ ኮንራድ የሚባለው ፈረስ ሳይቀር፣ ዌይንራይት ደግሞ ራሱ የፈረሰኛ ሰው እንደነበር ስንነግራቸው ምንም አላሉም፣ የኮርቻውን ጫፍ በጣታቸው ነካ አድርገው ሄዱ። አትንኩ የሚለውን ምልክት አይተነዋል፣ ዝም አልናቸው፣ ለዚህ ከቀጣችሁን ቅጡን።

እዚህ አሜሪካ የቀሩት የሪዘርቭ ፈረሰኛ ሬጅመንቶች በዛው ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ፈረሱ ወይ ተለወጡ፣ የአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ ሲግናል የሆነ አለ፣ የታንክ አውዳሚ ባታሊዮን የሆነ አለ፣ የፈረሰኛ ጦሩ ዋና አዛዥ ቢሮ ራሱ ማርች 1942 ተዘጋ። ሰዎቹ ግን አልተዘጉም። መኮንኖቹ በነፍስ ወከፍ እየተጠሩ በየክፍሉ ተበተኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉት የሪዘርቭ ሰዎች ከ200,000 በላይ ናቸው። ሬጅመንቱ አልዘመተም ከማለታችሁ በፊት ሰዎቹ የት ገቡ ብላችሁ ብትጠይቁ ኖሮ ካርቶኑ ውስጥ ነበረላችሁ። ወደ ካርቶኑ እመጣለሁ።

ሁለተኛ ኮርቻው። ማክሌላን የሚባለው ነው፣ ጦሩ ከ1859 ጀምሮ የተጠቀመበት ዓይነት፣ መሀሉ ላይ የፈረሱ ጀርባ አየር እንዲያገኝ ረጅም ክፍተት ያለው። የመጣ ሁሉ «ተቀዶ ነው?» ይላል። በየሶስት ወሩ እኛ ነን በኮርቻ ሳሙናና በጥጥ ጨርቅ የምናጸዳው፣ ሳሙናውንም የምንገዛው እኛ ነን። የግራው እርካብ ጠፍር ላይ አምስተኛዋ ቀዳዳ ከሌሎቹ ተለይታ ተለጥጣለች፣ ሰውየው እግረ ረጅም እንደነበር ለልጆች የምናሳየው በሷ ነው። ኤፕሪል ላይ አንዳችን ወንበር ሊያመጣ ቤዝመንት ሲወርድ አየው። ከቦይለሩ አንድ ክንድ ያህል ርቆ መሬት ላይ፣ የክሪስማስ ዛፍ ካርቶን ሁለት ተደራርቦ ተጭኖበት። በቦይለሩ በኩል ያለው ቆዳ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ በግድግዳው በኩል ያለው ደግሞ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። አንድ እቃ ላይ ድርቀትም እርጥበትም ባንዴ ማምጣት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል። ፎቶው አለን። ኮርቻውን የሰጠችው የመቶ አለቃው የልጅ ልጅ ስትፈርም ወረቀቱ ላይ «ለሕዝብ እይታ» ነው የተጻፈው፣ እኛ ፊት ነው የፈረመችው።

ሶስተኛ ያልኳችሁ ካርቶን። ከኮርቻው ጋር የመጣ የጫማ ካርቶን ነበር፣ ውስጡ የፖስታ ኮርሶቹ መጽሔቶች፣ ጥቂት ፎቶ፣ ባህር ማዶ ሲጠራ የደረሰው የትእዛዝ ወረቀት፣ እና አንድ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ደብተር። እኔ ያንን ደብተር ነው የምወደው። አንድ ገጽ ላይ የፈረስ የቀን ራሽን ጽፏል፣ 12 ፓውንድ እህል 14 ፓውንድ ድርቆሽ፣ ከስሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል፣ ለፈተና ይመስለኛል። ከዛው ስር በዛው እርሳስ የከሰል ዕዳና የልጅ ጫማ ዋጋ ይደምራል። በሕይወቱ አንድ ፈረስ የራሱ ኖሮት አያውቅም እኮ፣ ግን ስንት እንደሚበላ በቃሉ ይዟል። እኔም ሪዘርቭ ሳለሁ ስልኬ ላይ የጋራዡን የፈረቃ ፕሮግራምና የድሪል እቃ ዝርዝር አንድ ኖት ላይ ነበር የምጽፈው። ካርቶኑ የት እንዳለ ስንጠይቅ አንዴ «ስካን እየተደረገ ነው» ተባልን፣ አንዴ «ወደ ኦፍሳይት ሄዷል» ተባልን፣ በመጨረሻ ጥያቄውን የተቀበለችው ሰራተኛ «የትኛው ካርቶን?» አለችን። ጠፍቶ ከሆነ ጠፋ በሉን። የልጅ ልጅየዋ ለኛ ነው የምትደውለው።

አራተኛ ጽሑፎቹ። ኮሪደሩ ላይ የቀረው ትልቁ ፓነል ላይ ካቫልሪ የሚለው ቃል ኤሏ ወደ ፊት ዘልላ ካልቨሪ ሆኗል። ካቫልሪ ፈረሰኛ ነው፣ ካልቨሪ ቀራንዮ ነው። የቀራንዮ ሬጅመንት ብላችሁ ሰቅላችኋል ማለት ነው። ያገኙት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፣ እየተንከባለሉ ነው የሳቁት፣ ከነገርናችሁ ሁለት ዓመት አለፈ። በመስታወት ውስጥ ያለው ሰይፍ ስር ደግሞ «ፈረንሳይ ውጊያ ላይ የዋለ» ይላል። ያ ሰይፍ የ1913ቱ ሞዴል ነው፣ ጆርጅ ፓተን ገና ወጣት መኮንን ሳለ ዲዛይን ያደረገው፣ ፈረሰኛው በ1934 ሰይፍ ሲተው ከስራ የወጣ። ካርዱ ላይ እንደሚለው የተሰጣችሁ ከዛው ከመቶ አለቃው ቤተሰብ ነው፣ እሱ ደግሞ በ1918 ገና ልጅ ነበር። አልተዋጋም ብላችሁ ኮርቻውን አወረዳችሁ፣ ያልተዋጋውን ሰይፍ ግን ተዋጋ ብላችሁ አስቀራችሁት።

ስንተኛ ላይ ነበርን፣ አምስተኛ፣ የአማርኛው ጉብኝት። ሶስት ዓመት ሙሉ አንድም ቅዳሜ ለሙዚየሙ ወጪ አልሆንበትም። ብሮሹሩን 240 ዶላር አዋጥተን ነው ያሳተምነው፣ የቀረው ሙሉ እሽግ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ነው የተገኘው፣ ገመዱ እንኳን ሳይፈታ። «የጎብኚ ቁጥር አነስተኛ ነው» ተባልን፣ ማን ቆጥሮ፣ ፊት ለፊት ያለው መዝገብ ላይ በአማርኛ የፈረሙትን «የማይነበብ» ብሎ ያለፈው የናንተው ሰው ነው፣ መዝገቡ ይመስክር።

ሰው የሚመጣው ለፈረስ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ቃኘው ነው፣ ኮሪያ የዘመተው የኛ ሻለቃ በአሜሪካው 7ኛ ዲቪዥን ስር ከ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጋር እንደነበር እንነግራቸዋለን፣ ከዛ ወደ ኮርቻው እናልፋለን። አንድ እናት ደግሞ ልጇ ሳይነግራት ሪዘርቭ ተመዝግቦ ሳምንት ሙሉ እህል ሳትቀምስ ቆይታ ነው የመጣችው። ወታደር ሆነ፣ ነገ ይወስዱብኛል ብላ። ተጠባባቂ ማለት ምን እንደሆነ፣ በወር ስንት ቀን እንደሚሄድ፣ መቼ ሊጠራ እንደሚችል በዛ ጥግ ቆመን ነው ያስረዳናት። አልዋሸናትም፣ ከ2001 ወዲህ ሪዘርቩ ኢራቅም አፍጋኒስታንም ደጋግሞ እንደሄደ ነግረናታል። ስትወጣ «እሺ፣ አብሬው እጠብቃለኋ» አለች። ልጇም አብሯት ነበር፣ ቆሞ ስልኩን እያየ፣ ግን ሲሰማ ነበር።

የመጨረሻው ነገር በኤፕሪሉ ስብሰባ ላይ የተባለው ነው። ሁለታችን ገብተን ሶስት ደቂቃ እንድንናገር ተፈቀደልን። ስንጨርስ አንድ የቦርድ አባል በፈገግታ «አገልግሎታችሁን እናከብራለን፣ ግን ሙዚየም የተዋጉ ሰዎች ቦታ ነው» አሉ። ሌሎቻችሁ ወረቀታችሁን አያችሁ። እኔ ያን ጊዜ ቃል አልወጣኝም፣ አሁን ልመልስ።

ጊፍት ሾፑ ውስጥ የቻርለስ ያንግ ፎቶ ያለበት ኩባያ ትሸጣላችሁ። ጥሩ ነው፣ እኔም ገዝቻለሁ። ያንግ ዌስት ፖይንት የሚባለውን የጦር መኮንኖች አካዳሚ ከጨረሱት ጥቁሮች ሶስተኛው ነው፣ ቡፋሎ ሶልጀርስ ከሚባሉት የጥቁር ወታደሮች ክፍሎች ከ9ኛውና ከ10ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንቶች ጋር ያገለገለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ታመሃል ብለው ጡረታ አወጡት። አልታመምኩም ለማለት በ1918 ሰመር ላይ ከኦሃዮ ዊልበርፎርስ ተነስቶ ፈረሱ ላይ ወደ 500 ማይል ጋልቦ ዋሽንግተን ገባ። አሁንም ፈረንሳይ አልላኩትም። የብርጋዴር ጄኔራል ማዕረጉ የመጣለት ከሞተ 100 ዓመት ቆይቶ በ2022 ነው። ኩባያው ላይ የለጠፋችሁት ጦርነቱ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ጠብቆ ያልተላከ ሰው ነው እንግዲህ።

እኔ ራሴ ሁለቴ ልዘምት ትእዛዝ ወጥቶልኝ ሁለቴ ተሰርዟል። የመጀመሪያው ጊዜ ዱፍል ባጌ ተጠቅልሎ አልጋ አጠገብ አራት ወር ተቀመጠ፣ ልጄ ወንበር መስሏት ቁጭ ብላበት ካርቱን ታይ ነበር። ኑዛዜ ፈርሜ፣ ለሚስቴ የባንክ ውክልና ሰጥቼ፣ ጋራዡን ፈቃድ ጠይቄ። ከዛ አንድ ማክሰኞ በቴክስት «ተሰርዟል» አሉኝ። ሻንጣውን ስፈታ ልጄ አለቀሰች፣ መቀመጫዋን ወሰድኩባታ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ሰው «እንኳን ተረፍክ» ነው የሚለው፣ እውነት ነው ተርፌያለሁ። ግን የዛን መቶ አለቃ ደብተር ሳነብ 12 ፓውንድ 14 ፓውንድ እያለ ለማይመጣ ፈረስ ሲያጠና የገባኝ ሰው እኔ ነኝ፣ እናንተ ከቦርዱ ስንቶቻችሁ ደብተሩን ከፍታችሁት ታውቃላችሁ?

እንግዲህ የምንጠይቀው ይሄ ነው። ኮርቻው በዚህ ሳምንት ውስጥ ከቦይለሩ አጠገብ ይነሳ፣ ቆዳ በሚያውቅ ባለሙያ ይታይ፣ ብሩ ከቸገረ ተናገሩ እናዋጣለን። ካርቶኑ ይፈለግ፣ ከተገኘ ዝርዝሩ በጽሑፍ ይሰጠን፣ ማስቀመጥ ካልፈለጋችሁ ለቤተሰቡ ወይ ለሚረከብ አርካይቭ ይመለስ። ጥጉን በሙሉ መልሱ አላልንም፣ ጊፍት ሾፑም ገቢ ነው ይገባናል፣ ኮሪደሩ ላይ የካልቨሪው ፓነል ያለበት ግድግዳ ይበቃናል፣ ፓነሉን ስታወርዱ ቦታው መቼም ባዶ ነው የሚሆነው። የሰይፉ ጽሑፍ ይታረም። የአማርኛው ጉብኝት በየሳምንቱ ካልሆነ በወር የመጨረሻው ቅዳሜ ይፈቀድ፣ የጎብኚ ቆጠራውንም እኛ ፊት ቁጠሩ። ከዚህ በኋላ የሚመለከተን ውሳኔ ሲኖር ከፍሪጅ ላይ ሳይሆን ጠርታችሁ ንገሩን። እና በኤፕሪሉ ስብሰባ የተባለው ነገር የቦርዱ አቋም ነው ወይስ የግለሰብ አስተያየት፣ በጽሑፍ እንዲገለጽልን።

እስከ ጁላይ መጨረሻ እንጠብቃለን፣ መጠበቅ እንኳን እንችላለን። ከዛ በኋላ ግን ፎቶዎቹን ይዘን የልጅ ልጅየዋን አስቀድመን ወደ ካውንቲው እንሄዳለን።

ኮርቻውን ለማንሳት ሰው ከሌላችሁ እኛ እንመጣለን፣ ቫን አለን፣ የቤዝመንቱን ቁልፍ ብቻ ፊት ዴስኩ ላይ ተዉልን።

ከአክብሮት ጋር

የቅዳሜ የአማርኛ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎች
በስድስቱም ስም የጻፈው፣ የቀድሞ የአርሚ ሪዘርቭ ሳጅን፣ አሁን የፓርኪንግ ጋራዥ ተቆጣጣሪ